ሬዲዮ ጠጋኙ ሊያጠፋው የነበረው ድምፅ

አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ያለው አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው ከሰው ሬዲዮ ውስጥ ጩኸት ማስወጣት ነው። እየተንጫጫ ያመጡለታል፤ ጸጥ አድርጎ ይመልሳል።

ይህ ሰው ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም አንዴ «ጢጥ» የሚል ደወል ሊሠራ ፈለገ። ከወደቀ የመንገድ መብራት ብርሃን የምትለይ ትንሽ ዕቃ ነቀለ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ጋር አያያዛት። ደወሉ ግን «ጢጥ» አላለም። ብርሃን ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል፤ ጥላ ሲያርፍበት ይወፍራል። መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ያላዝናል። ሦስት ቀን ታገለው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤቱ ባላቸውን ደግፈው መጡ። ጋሽ ዳንታሞ በቤተ ክርስቲያን ሠላሳ ዓመት ክራር የመቱ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ክንዳቸው ይነሳል፤ ጣቶቻቸው ግን አይታዘዙም። ክራሩን ለሰው ሰጡ። «ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልሠራ?» ብለው ከጉባኤውም ቀሩ።

«እባክህ እዚህ ፀሐይ ላይ ይቀመጡልኝ፤» አሉ ባለቤታቸው። «ቤት ከዋሉ ግድግዳ ነው የሚያዩት። ግድግዳው ራሱ ሰልችቷቸዋል።»

ጠጋኙ ወንበር ሰጣቸውና መቁረጫውን አነሳ። ወደ ድምፅ ማጉያው የሚሄደውን ሽቦ ሊበጥስ ነው። በዚህ መሐል ጋሽ ዳንታሞ ዝንብ ሊያባርሩ ክንዳቸውን አነሱ። ዕቃው አዜመ።

«ቆይ!» አሉ።

«ጋሼ፣ ተበላሽቶ ነው። አሁን ዝም አሰኘዋለሁ።»

«ምኑ ተበላሸ? የሰው ሬዲዮ ስትጠግን ያንተን ጆሮ ማን ይጠግንልህ!»

ክንዳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወፈረ። ከፍ አደረጉ፤ ቀጠነ። አምስቱን የክራር ድምፆች አየር ላይ አንድ በአንድ ፈለጓቸው፤ አገኟቸውም። ከዚያ ለስንት ዓመት የመቱትን መዝሙር ጀመሩ። ምንም ሳይነኩ! የማይታዘዘው እጅ ጥላ ብቻ ያቺን ዕቃ እየዳሰሰ። መናኸሪያው በር ላይ ተሳፋሪ የሚጣራው ሰው እንኳ ጥሪውን ትቶ ቀረብ አለ። ባለቤታቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

በእሑዱ ጉባኤ ያ ዕቃ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ዳንታሞም ከአጠገቡ።

ወገኖቼ፣ በሽታው መልካም ነበር አልላችሁም። ጣቶቻቸው አልተመለሱም፤ ዛሬም ሸሚዛቸውን የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ጠጋኙንም አልወቅሰውም፤ ጩኸት ማጥፋት ሙያው ነው።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። እናንተስ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ዝም አሰኝልኝ» እያላችሁ ስንት ቀን ታገላችሁ? ካሰባችሁት ውጭ የሆነ ነገር ሁሉ የተበላሸ ነው ያላችሁ ማን ነው? «ባዶ እጄን ምን ልሠራ?» ብላችሁ ቤት የቀራችሁስ፣ እግዚአብሔር ከእጃችሁ ጥላ እንኳ ዜማ ማውጣት የሚሳነው ይመስላችኋል?

ያ ሁሉ ዜማ ከመጥፋቱ በፊት የቀረው አንድ ሽቦ ነበር።

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ የያዛችሁትን መቁረጫ ለአፍታ አስቀምጡት። አስቀምጡትና ስሙ።