ገብስማዋ ቄብ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ማሽላው አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቀጥሎ ፈንግል ገባ፤ በአንድ ሳምንት ከመንደሩ የዶሮ ድምፅ ጠፋ።

ፈንግሉን ያስገባችው አንዲት ሴት ናት። ከወንዝ ማዶ ገበያ ለበዓል ቀይ ዶሮ ገዛች። በእጇ መዘነቻት፣ ደረቷን ዳበሰች፣ ዓይኗን አየች። ጤነኛ ናት አለች። እናንተስ ገበያ ስትወጡ በምን ትመርጣላችሁ? በሦስተኛው ቀን የዶሮዋ አንገት ተጣመመ። ከዚያ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ አለቀ።

ለጎረቤቷ ለዘርፌ የተረፈቻት አንዲት ገብስማ ብቻ ነበረች። ያቺኑ ይዛ መጣች።

«እንኪ፣ አርቢያት። ስትበዛልሽ አንዲት ቄብ ትመልሽልኛለሽ።»

«በእኔ የተነሣ እኮ ነው ያለቁብሽ!»

«አውቃለሁ። ያዣት በይ፣ እጄን እየቧጠጠችኝ ነው።»

ዓመቱ ሳይሞላ ዘርፌ ከልጇ ጋር ልትኖር ወንዙን ተሻግራ ሄደች፤ ወደ ሌላ ክልል። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ገብስማዋ ረባች፣ የልጅ ልጅ አየች። ሴትዮዋ ግን አንዴ በችግር፣ አንዴ በድካም መንገድ ሳትወጣ ቀረች። ጥሬ በበተነች ቁጥር ቀና ብላ ማዶውን ታያለች። ዘርፌ አሁን ምን እየሠራች ይሆን? ማን ያጫውታታል?

አንድ ቀን መልእክት መጣ። «ዓይኔ እየጠፋ ነው። ገብስማዬን ሳላያት እንዳልቀር።»

ሴትዮዋ አንዲት ቄብ መረጠች፤ ቁርጥ አያቷን። በቅርጫት ይዛ አውቶቡስ ተሳፈረች። ኬላው ላይ ተቆጣጣሪው አስቆማት።

«እማማ፣ የጤና ወረቀቷ የታለ?»

«የምን ወረቀት፣ ልጄ? ጤነኛ ናት። ካላመንከኝ መዝናት።»

«በመመዘን አይታወቅም። ወረዳዎ ወስደው ያስከትቧት፣ ሃያ አንድ ቀን ትቆይ፣ ከዚያ የማሳለፊያ ወረቀት ይሰጡዎታል። እርስዎ ይለፉ፤ እሷ ግን አታልፍም።»

«ባዶ እጄን? ደግሞስ ዓይኗ እስከዚያ ይቆየኛል?»

«ዶሮዋ ዓይኗን ምን ሆነች?»

ተሳፋሪው ሳቀ። አንዱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ከኬላው በታች የእግር መሻገሪያ አለ፣ እማማ። ነጠላዎ ሥር ያስገቧት። ዶሮ መታወቂያ አትጠየቅም!»

ሄደች። ውሃው ከጉልበት አይደርስም። ማዶ የዘርፌ መንደር ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። አንድ እግሯን ከውሃው አስገባች። ያን ጊዜ ከማዶ አውራ ዶሮ ጮኸ።

ቆመች። እዚያ ያሉት ዶሮዎች የማን ናቸው? የዘርፌ ናቸው፣ የጎረቤቶቿ ናቸው። ቀይዋስ ዶሮ በእጅ ስትመዘን ጤነኛ አልነበረችም?

እግሯን አወጣች። እያለቀሰች ተመለሰች።

ወገኖቼ፣ ናፍቆቷ ውሸት ነበር? አልነበረም። የእናንተም ናፍቆት ውሸት አይደለም። ከወንድማችሁ ጋር ልትታረቁ ትፈልጋላችሁ፤ የእናታችሁ ደጃፍ ይናፍቃችኋል። ነገር ግን በቅርጫታችሁ ምን ይዛችኋል? ያን ቤት ያፈረሰውን ቁጣ፣ ያንኑ ምላስ፣ ሳታስመረምሩ ይዛችሁ ልትገቡ አይደለም? «ልቤ ንጹሕ ነው» ትላላችሁ። ማን መዘነው? እናንተው፣ በገዛ እጃችሁ።

እግዚአብሔር ቆዩ ሲላችሁ በታች በኩል መሻገሪያ አትፈልጉ። መቆየት ያስከፍላል፤ አያስከፍልም አልላችሁም። ሴትዮዋንም አስከፍሏታል።

በሃያ አራተኛው ቀን ወረቀቱን አሳይታ አለፈች። ዘርፌ ደጃፍ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ኮቴው አዞረች እንጂ አላየችም።

«ዘገየሁብሽ፣ ዘርፌ።»

«ዘገየሽ። አምጫት።»

ቄቧን ታቅፋ ክንፏን ዳሰሰች።

«ገብስማ ናት?»

«ገብስማ ናት።»

«ጤነኛ ናት?»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አውጥታ እጇ ላይ አኖረችላት። ዘርፌ በጣቷ ዳበሰችው፤ ማኅተሙ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ ሳቀች።

«በእጅ መመዘን ተውሽ በይኛ!»

ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«ደርሶኛል፤ ካንቺ ላይ ምንም የለኝም» አለች። «አሁን ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»