የማንጠግቦሽ ትንፋሽ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ ልብ ያለው ይያዝ። ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች። እግሯን እሾህ ወግቷት መገለ። ባሏ ደምለው በበቅሎ ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት።

ነርሷ ሲስተር አስካለ መርፌውን እያዘጋጀች ጠየቀቻት፤ «መድኃኒት ወስደሽ ሰውነትሽ አሳክኮሽ ወይ አብጦ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ ኪኒን ውጬ ከንፈሬ...» ስትል ደምለው አቋረጣት።

«ምን አለባትና ሲስተር! እንደ ድንጋይ የጠነከረች ናት። ይውጓትና እንሂድ፣ ዝናቡ መጣ።»

ወረፋው ረጅም ነበር። ሲስተር አስካለ ደግማ አልጠየቀችም።

ፔኒሲሊኑ ገባ። ብዙም አልቆየ፤ መዳፏን በላት፣ ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ሲር ሲር አለ። ከዚያ ወዲያ ማንጠግቦሽ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንፋሽ።

«አለርጂ ነው!» አለች ነርሷ ትራስ እያስደገፈቻት። «ለሌላው ፈውስ የሆነው ለሷ መርዝ ሆነባት። አድሬናሊን አሁኑኑ መወጋት አለባት።» አጠገቧ የነበረውን ግን ትናንት ንብ ለነደፈው ገበሬ ጨርሳዋለች። የቀረው መጋዘን ውስጥ ነው። አድሬናሊን ከሌለ ትንፋሽ የለም።

ደምለው ወደ መጋዘኑ ሮጠ። በሩ ብረት ነው። በትከሻው ገፋው፣ በድንጋይ ቀጠቀጠው፤ ወይ ፍንክች! በሩ ካልተከፈተ አድሬናሊን የለም፤ አድሬናሊን ከሌለ ትንፋሽ የለም።

«ቁልፉ ጓንጉል ጋ ነው፣ መጋዘን ጠባቂው ጋ!» አለች ነርሷ በመስኮት። «ወንድሙን ሊቀብር ሄዷል። ያው፣ ለቀስተኛው በጓሮ በኩል እያለፈ ነው። ሩጥ!» ቁልፉ ካልዞረ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ አድሬናሊን የለም፤ አድሬናሊን ከሌለ ትንፋሽ የለም።

ጓንጉል የቃሬዛውን ፊት በትከሻው ይዟል። ዝናቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል።

«ጓንጉል ወንድሜ፣ ቁልፉን ስጠኝ! ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው!»

«ቁልፉ የተጣመመ ነው፤ ከእኔ እጅ በቀር ለማንም አይታዘዝም። እኔ ደግሞ ወንድሜን ተሸክሜያለሁ። ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ ለሌላ ትከሻ ላላሳልፈው፣ መሬትም ላላስነካው ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ።»

ቃሬዛው ካልወረደ ጓንጉል አይመጣም፤ ጓንጉል ካልመጣ ቁልፉ አይዞርም፤ ቁልፉ ካልዞረ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ አድሬናሊን የለም፤ አድሬናሊን ከሌለ ትንፋሽ የለም።

ደምለው ጭቃው ላይ ተደፋ፤ የእናትየውን፣ የእማማ የውብዳርን እግር ያዘ።

«እናቴ፣ ሚስቴ መርፌ አልስማማ ብሏት ታንቃለች። ልትናገር ስትል አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይማሩኝ አልልም። ቃሬዛው ይውረድልኝ!»

ልቅሶው ቆመ። እማማ የውብዳር ወደ ቃሬዛው አዩ።

«አሁንም ትተነፍሳለች?»

«ትተነ... አላውቅም፣ እናቴ።»

«የኔው ልጅ ከእንግዲህ የሚቸኩልበት የለውም። አውርዱት።»

«እማዬ፣ ጭቃ ላይ?» አለ ጓንጉል።

«ጭቃ ላይ! አውርዱት ብያለሁ!»

እናት ሲያዙ ቃሬዛው ወረደ፤ ቃሬዛው ሲወርድ ጓንጉል ሮጠ፤ ጓንጉል ሲሮጥ ቁልፉ ዞረ፤ ቁልፉ ሲዞር በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት አድሬናሊኑ ወጣ። ሲስተር አስካለ ማንጠግቦሽን ጭኗ ላይ ወጋቻት። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ጠበቁ። ምንም የለም። ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ጊዜ ደረቷ ከፍ አለ።

ትንፋሽ መጣ።

«ሕመሙ ሊመለስባት ስለሚችል ሆስፒታል ሄዳ ትደር» አለች ነርሷ። «ፔኒሲሊን ሁለተኛ እንዳይነካት። የትም ስትታከም ይህን አስቀድማ ትናገር። እኔም ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ጓንጉል ተመለሰ። እናቱ ዝናቡ ውስጥ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሬሳው ላይ ዘርግተዋል።

«ተነፈሰች?»

«ተነፈሰች፣ እማዬ።»

እማማ የውብዳር ከቃሬዛው እግር ላይ ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጄን አንሡልኝ» አሉ።