የአንጓች አሥራ ሁለት ድንኳኖች

አንዳንድ ተረት እንደ ዋዛ ሲነገር ቀልድ ይመስላል። እኛ ደባርቆች ግን ሳንስቅ የምንናገረው አንድ ተረት አለን። ከድሮም ነበረ፤ ትርጉሙ በደንብ የገባን ግን በአንጓች ላይ ሲደርስ አይተን ነው።

አንጓች ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ድንኳን ትሰፋለች። የምታስረክበው ለልጅዓለም ነበር። አስፋልቱ ዳር ጫማውን፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ ምርኩዙን ደርድሮ የሚሸጥበት ትልቅ የተራራ ዕቃ መደብር ነበረው። የልጇም የክርስትና አባት ነው። አበልጅን «ፈርምልኝ» ማለት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። አንጓችም ዓመት ሙሉ ያለ ውል ስታስረክብ ከርማ መቶ አርባ ሺህ ብር እሱ ዘንድ ቀረባት።

ጨርቁን የምትገዛው ከብድርና ቁጠባ ማኅበር ተበድራ ነው፤ መያዣዋም የስፌት መኪናዋ ነበረች። እስከ ኅዳር መጨረሻ ሰማንያ ሺህ ካልከፈለች መኪናዋ ትወሰዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች መኪና ነው።

መስከረም ላይ አሥራ ሁለት ድንኳን ሰፍታ እንደጨረሰች አያ ጫኔ መጡ። ለእንግዶች በቅሎ የሚያከራዩ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጅዓለም የእሳቸውንም ኪራይ ይዞባቸዋል።

«አስጎብኚዎቹ ድንኳን ይፈልጋሉ። መቶ ሺህ፣ እጅ በእጅ። ነገ ይምጡ?»

«ይምጡ እንጂ አያ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ልጅዓለም ከች አለ።

«አበልጄ፣ እንግዳው ሊገባ ነው፤ መደብሩ ባዶ ነው። አሥራ ሁለቱን ስጭኝ፤ የድሮውንም የአሁኑንም ጥቅምት ላይ ባንድነት እከፍልሻለሁ። ካልሰጠሽኝ ግን ያንን ከየት አምጥቼ ልክፈልሽ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት የበላቻት። ሌሊቱን ሙሉ መቶ አርባ ሺውን ስታስብ አደረች። ጠዋት አያ ጫኔ ሲመለሱ ድንኳኖቹ ባጃጅ ላይ ተጭነው አገኟቸው።

«ልጄ፣ የባንክ ሰዎች የልጅዓለም ደጃፍ ሲመላለሱ አይቻለሁ። የሄደው ሄዷል፤ ይሄን እንኳ ያዥ።»

«ካልሰጠሁት ያኛው ቀረ ማለት ነው፣ አያ።»

ልጅዓለም መክሰሩን ያውቅ ነበር ወይ? አሳምሮ ያውቅ ነበር። የአበልጁን ልጆች ጉሮሮ እየዘጋ መሆኑንም ያውቅ ነበር። ኅዳር በገባ በሳምንቱ መደብሩ ታሸገ፤ እሱም ባሕር ዳር ወንድሙ ዘንድ ገባ።

እሱ ዘንድ ገንዘብ የቀረባቸው ሁሉ ተጠሩ። ፍርድ ቤት የሾመው የንብረት አጣሪ፣ መነጽሩን እየጠረገ፣ «መደብሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ለባንኩ መያዣ ነው። የባንኩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና ግብሩ ይቀድማሉ። ከተረፈ ትካፈላላችሁ» አለ።

አንጓች ተነሣች። «ድንኳኖቹ እኮ የኔ ናቸው። ከነማሰሪያቸው ነው ያሉት፤ አልተፈቱም።»

«ውል አለዎት?»

«አበልጄ ነው እኮ።»

«እንግዲያው ከተካፋዮቹ ዝርዝር ውስጥም ልጽፍዎት አልችልም።»

ለመደብሩ ጫማ ያስረክብ የነበረው ጫማ ሠሪ የውል ወረቀት ነበረው፤ በመጨረሻ የደረሰው ፍርድ ቤት ለመመላለስ ያወጣውን እንኳ አልሸፈነም። ድንኳኖቹን ኋላ በጨረታ የገዟቸው እነዚያው አስጎብኚዎች ናቸው፣ በሠላሳ ስድስት ሺህ። ብሩ ባንክ ገባ።

ኅዳር ማለቂያ ላይ ግን የማኅበሩ ሰዎች መጥተው የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ ጫኑ። አንጓች በሩን ተደግፋ ቆማ ታያለች፤ አላለቀሰችም። አንዲት ከገበያ የምትመለስ ሴት ቆም ብላ አያ ጫኔን፣ «ምን ሆና ነው?» ስትል ጠየቀች።

ሽማግሌው ጋሪው እስኪያልፍ ጠብቀው፣ ዓይናቸውን ከአንጓች ላይ ሳያነሡ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ።