ትርንጎና የማይጠፋው ሰርቨር

የቢሮው ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ፕሮግራም ጸሐፊዋን ትርንጎን በደሏት። ጥፋቱ የአሮጌው ሰርቨር ሆኖ ሳለ፣ በጠዋቱ ስብሰባ በሰው ፊት «የወደቀው የትርንጎ ሥራ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። ሰርቨሩን ያየው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሮው የልጆችን የክትባት ቀን ለእናቶች በስልክ የሚያስታውስ ፕሮግራም አለው። መጀመሪያ የጻፈው ጎበዝ ዓመቱን በዐሥራ ሁለት ወር ዘግቶት ሄደ። አገሩ ዐሥራ ሦስት ወር አለው፣ እሱ ዐሥራ ሁለቱ ይበቃኛል አለ። እንግዲህ የክትባት ቀጠሮዋ በጳጉሜ የዋለ እናት አስታዋሽ የላትም። ትርንጎ ይህን አስተካከለች። ግን በዚያ ቤት ማንኛውም ሥራ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ሰርቨር በኩል ያልፋል፤ ይገጣጥመዋል፣ ይፈትነዋል፣ ካመነበት ይለቀዋል። ሰርቨሩ ደግሞ አርጅቷል። የትርንጎን ሥራ ተቀበለ፣ አጓራ፣ ጋለ፣ ግማሽ ላይ ተገትሮ ቀረ። ጳጉሜ ከነገ ወዲያ ትገባለች።

ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ሥራዋ እንዲያልፍ። ተነሥታ ወደ ናሆም ሄደች። ናሆም የሰርቨሮቹ ጠባቂ ነው።

«ናሆሜ፣ አዲሱን ሰርቨር ትከልልኝ። አሮጌው አያሳልፍም፣ እሱ ካላሳለፈ እናቶቹ አይሰሙም፣ ጳጉሜም አትጠብቀንም።»

«ትርንጎዬ፣ አዲሱ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። የሰርቨሩ ክፍል ውስጥ መብራት የለ፣ አውጥቼ ለጌጥ ላስቀምጠው? መስመር ይሳብለት፣ እተክላለሁ።»

ወደ ጋሽ ሽብሩ ሄደች። ጋሽ ሽብሩ የሕንፃው የመብራት ሠራተኛ ናቸው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ መስመር ይሳቡልኝ። እርስዎ ካልሳቡ ናሆም አይተክልም፣ ናሆም ካልተከለ አዲሱ አያሳልፍም፣ እሱ ካላሳለፈ እናቶቹ አይሰሙም፣ ጳጉሜም አትጠብቀንም።»

«ልጄ፣ ያ ክፍል ምድጃ ነው እኮ። ገብቼ ሽቦ ልስብ ወይስ ልጠበስ? ማቀዝቀዣው ተነሥቶ ያብርደው፣ እስባለሁ።»

ወደ ጀማል ሄደች። ጀማል የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፣ ከወሬ በቀር የሚያጣድፈው ነገር የለም።

«ጀማል፣ ማቀዝቀዣውን አስነሣልኝ። አንተ ካላስነሣህ ጋሽ ሽብሩ አይስቡም፣ እሳቸው ካልሳቡ ናሆም አይተክልም፣ ናሆም ካልተከለ አዲሱ አያሳልፍም፣ እሱ ካላሳለፈ እናቶቹ አይሰሙም፣ ጳጉሜም አትጠብቀንም።»

«ማቀዝቀዣው የራሱ መስመር አለው፣ ደህና ነው እቴ፣ በሩ ነው የማይዘጋው። በር ከፍቶ ማቀዝቀዝ አዲስ አበባን ማቀዝቀዝ ነው፤ እሱን ደግሞ ክረምቱ ሠርቶታል። በሩን ዝጊልኝ፣ አሁኑኑ አስነሣዋለሁ።»

ወደ በሩ ሄደች። በርም የሚለመን ሆነ።

«በር ሆይ፣ ተዘጋልኝ። አንተ ካልተዘጋህ ጀማል አያስነሣም፣ ጀማል ካላስነሣ ጋሽ ሽብሩ አይስቡም፣ እሳቸው ካልሳቡ ናሆም አይተክልም፣ ናሆም ካልተከለ አዲሱ አያሳልፍም፣ እሱ ካላሳለፈ እናቶቹ አይሰሙም፣ ጳጉሜም አትጠብቀንም።»

ገፋችው። በሩ መጣ መጣና አንድ ወፍራም የመብራት ገመድ ላይ ቆመ። ገመዱ ከአሮጌው ሰርቨር ይነሣል፣ በደጃፉ ያልፋል፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሶኬት ላይ ይሰካል። የውስጡ ሶኬት ድሮ የተቃጠለ ጊዜ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የተዘረጋ ነው። በእኛ አገር ለዛሬ ብቻ የተባለ ነገር ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ያያል። ሶኬቱ ላይ «እንዳይነቀል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የለጠፉት አቶ ልዑልሰገድ ናቸው።

ወደ አቶ ልዑልሰገድ ሄደች። ወንበር አልሳበችም።

«አቶ ልዑልሰገድ፣ ገመዱ ይነቀል። ገመዱ ካልተነቀለ በሩ አይዘጋም፣ በሩ ካልተዘጋ ጀማል አያስነሣም፣ ጀማል ካላስነሣ ጋሽ ሽብሩ አይስቡም፣ እሳቸው ካልሳቡ ናሆም አይተክልም፣ ናሆም ካልተከለ አዲሱ አያሳልፍም፣ እሱ ካላሳለፈ እናቶቹ አይሰሙም፣ ጳጉሜም አትጠብቀንም።»

«አይነቀልም። እሱን መንቀል ሰርቨሩን ማጥፋት ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ የጀመረውን ሳይጨርስ አይጠፋም።»

«የጀመረው ምንድን ነው?»

«ያንቺ ሥራ ነዋ። እሱ ይለፍና እናጠፋዋለን።»

ሥራዋ እንዲያልፍ ገመዱ መነቀል አለበት፣ ገመዱ እንዲነቀል ሥራዋ ማለፍ አለበት። ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይኸው ነው። ወጥታ ናሆምን ጠራችው።

«አሮጌው ውስጥ ያለው ሁሉ ሌላ ቦታ ተቀድቷል?»

«ከተቀዳ ቆየ።»

«ታዲያ ምን ቀረን?»

«የሚነቅል ሰው።»

ሄደች። ሰርቨሩን አላዋከበችውም፤ በወጉ አጠፋችውና ማራገቢያው ዝም እስኪል ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገመዱን ነቀለችው።

ገመዱ ተነቀለ፣ በሩ ተዘጋ። በሩ ተዘጋ፣ ጀማል ማቀዝቀዣውን አስነሣ። ጀማል አስነሣ፣ ጋሽ ሽብሩ መስመሩን ሳቡ። እሳቸው ሳቡ፣ ናሆም አዲሱን ተከለ። ናሆም ተከለ፣ አዲሱ ሰርቨር ገጣጠመ፣ ፈተነ፣ አረንጓዴ አበራ፣ አሳለፈ። ጳጉሜ ሳትገባ የእናቶቹ ስልክ ጮኸ፤ እናቶቹም ሰሙ።

አቶ ልዑልሰገድም ሰሙ። መጥተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ማነው ሳያስፈቅደኝ የነቀለው?» አሉ። ናሆም ጀማልን አየ፣ ጀማል ጣሪያውን አየ፣ ጋሽ ሽብሩ ፒንሳቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ትርንጎ ግን ከተቀመጠችበት ቀና ብላ እንዲህ አለች፦ «እኔ ነኝ። ወደቀ ያሉት ሥራ አልፏል፣ ነገ ጠዋት እሱንም በሰው ፊት ይናገሩልኝ። አሁን ግን ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ፤ ብርዱ እየወጣብን ነው።»