የዛጎልማ ጩኸት

እስቲ ጠጋ በሉ። ጆሮ ያላችሁ በጆሯችሁ፣ ልብ ያላችሁ በልባችሁ ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ዶሮ እንደ ሰው በምታወራበት፣ በርም ሲጠይቁት በሚመልስበት ዘመን ነው። ውሸት ነው የሚል ካለ ተረቱ እስኪያልቅ ይታገሠኝ።

ከአንድ ኮረብታ ሥር ወይዘሮ ወርቅያንሱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከጓሯቸው ትንሽ የዶሮ ቤት ነበራቸው። በዶሮ ቤቱ ውስጥ አንድ አውራና ስምንት ሴት ዶሮዎች ይኖሩ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ ሽለምጥማጥ ገባ። አውራውን ፈጀ። ሰባቱን ሴቶች ፈጀ። ከዘጠኙ አንዲት ብቻ ተረፈች። ላባዋ እንደ ዛጎል ነጭና ግራጫ ስለነበረ ስሟን ዛጎልማ ይሏታል።

በማግስቱ ጎረቤት ተሰበሰበ። ላባው በግቢው ሁሉ ተበትኗል።

«ምነው ወርቅያንሱ፣ በሩን ሳትዘጊ ነው እንዴ የተኛሽው?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ፣ አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው።

ወይዘሮ ወርቅያንሱ በሩን ዘግተው ነበር። ነገር ግን መቀርቀሪያውን የያዘው ሚስማር መላላቱን ካወቁ ከርመዋል። «ነገ አስመታዋለሁ» ሲሉ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ይህንኑ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሌላ ቃል ነው።

«ዘግቼ ነበር። መቀርቀሪያውም ደህና ነው። ይቺ ናት ጉደኛዋ። ሁሉ ሲያልቅ እሷ እንዴት ተረፈች? ገፊ ብትሆን ነው እንጂ።»

ገፊ የሚሉት አብሮት የኖረውን ሁሉ የሚያሳጣ፣ ራሱ ግን የሚተርፍ ክፉ ዕጣ ያለውን ነው። ጎረቤቱ ዛጎልማን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እውነትም ገፊ ናት» አለና ወደየቤቱ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ ወርቅያንሱ ሚስማሩን ማስመታት አቃታቸው። መዶሻ ይዘው ወደ ዶሮ ቤቱ ቢሄዱ ጎረቤት ያያል። ጎረቤት ካየ ደግሞ «ለካ ጥፋቱ የበሩ ኖሯል» ይላል። ስለዚህ ሚስማሩን በጣታቸው ወደ ቀዳዳው መልሰው እንደ ላላ ተዉት።

ዛጎልማ ብቻዋን ቆጥ ላይ ትሰፍራለች። ቆጡ ብዙ ዶሮ ያሳደረ አሮጌ አጣና ነው።

«ሰምቼው ነበር» አለችው አንድ ምሽት። «ሚስማሩ ሲንቀጫቀጭ ሰምቼው ነበር። አውራው ተኝቷል። መጮህ ነበረብኝ፤ ግን ዝም አልኩ።»

«ምን ታደርጊ ልጄ» አላት ቆጡ። «ሴት ዶሮ ከጮኸች ቢላዋ ይሳላል።»

የአገሩ ልማድ እንዲህ ነበር። ሴት ዶሮ ታስካካለች እንጂ አትጮህም። እንደ አውራ አንገቷን አቅንታ ከጮኸች ቤቱ ላይ ክፉ ነገር ጠራች ይባላል፤ ያገር ሰው ሮጦ ይመጣል፤ ያችው ዶሮ ያኔውኑ ትታረዳለች።

ውለው አድረው ወይዘሮ ወርቅያንሱ ገበያ ወጡ። ሦስት ቄቦች ገዝተው፣ እግራቸውን አስረው፣ ቁልቁል አንጠልጥለው መጡ። አንዷ ቀይ ናት፣ ቀዮ ትባላለች። አንዷ ዝንጉርጉር ናት፣ ወሰራ ትባላለች። ሦስተኛዋ አንገቷ ላይ ላባ የሚባል ነገር የላትም። እሷን መላጣዋ ይሏታል።

አዲስ የተገዛ ዶሮ ቤቱን እስኪለምድ ሦስት ቀን መታሰር አለበት። ወይዘሮ ወርቅያንሱም ሦስቱን በሲባጎ አድርገው ከበሩ አጠገብ ካለው ምሰሶ ሥር አሰሯቸው። ዛጎልማ ከቆጡ ላይ ሆና አየች። የታሰሩት እታች ነው። የታሰሩት በሩ ሥር ነው። ሽለምጥማጥ ቢገባ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለቻቸው።

«ከዚያው ከሩቅ ሆነሽ ሰላም በይን» አለች ቀዮ። «መንገድ ላይ ወሬሽን ሰምተናል።»

«ስምንት ለቅሶ ወጥታ እንዲህ የወፈረች አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለች ወሰራ።

መላጣዋ ተዘቅዝቃ ስለመጣች ገና ራሷን ያዞራታል።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ወርቅያንሱ ላም ሊያልቡ ወደ በረት ሄዱ። ይሄኔ ከበሩ ውጭ አንድ ለስላሳ ድምፅ ተሰማ። ሽለምጥማጥ ነበር።

«እመት ዛጎልማ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። እስከ ዛሬ መዘግየቴ አሳፍሮኛል። እግዜር ያጽናሽ።»

«ሟቾቹ ያሉት ሆድህ ውስጥ ነው» አለች ዛጎልማ። «እዚያው አልቅስላቸው።»

ሽለምጥማጡ አልተቆጣም። ወደ ቄቦቹ ዞሮ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀ። «አያችሁ ልጆቼ፣ ኀዘን አመሏን አጥፍቶታል። እንግዲህ ምከር ብትሉኝ አንድ ነገር እነግራችኋለሁ። ገፊ ሰው ሲነካ ነው የሚገፋው። ወደ እግራችሁ ከመጣች ተንጫጩ፤ እሜቴን ጥሩ።»

«እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት ነው» አለች ወሰራ።

ሲሄድ በሩን በትከሻው ገፋ አደረገው። መቀርቀሪያው ተነፈሰ። «ሚስማሬ አንድ ጣት ወጣ» አለ።

በማግስቱ ዛጎልማ ከቆጥ ወረደች። ወደ ምሰሶው ሄደች። የቀዮን እግር የያዘውን ሲባጎ በመንቁሯ ቆረጥ ቆረጥ ታደርገው ጀመር።

«እኔ የታዘዝኩት ሦስት ቀን ነው» አለ ሲባጎው። «ቀኔ ሳይሞላ አልበጠስም።»

«ማን ጠየቀህ» አለችና መቆንጠሯን ቀጠለች።

«እግሬን በላችኝ» ስትል ቀዮ ተንጫጫች። «ገፊዋ እግሬን በላችኝ።» ወሰራም አገዘቻት። ጫጫታው ግቢውን ሞላው። ወይዘሮ ወርቅያንሱ መጥረጊያ እንደያዙ እየሮጡ መጡ፤ ዛጎልማ ከቄቦቹ እግር ሥር ናት።

«ይኸው፤ እኔ ምን አልኩ» አሉ። «እንግዳ እንኳ አታስቀምጥም። አንድ ጊዜ ብትደግሚያት ቢላዋውን ነው የማነሳው።» በመጥረጊያው መቷት፤ ቅርጫት ደፉባት።

ዛጎልማ በቅርጫቱ ቀዳዳ አሻቅባ አየቻቸው። ሴትየዋ ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው ሚስማሩ ላይ አረፈ። አንድ ጣት ያህል ወጥቷል። አዩት። አይተው ዓይናቸውን መለሱ።

ሲመሽ ቅርጫቱን አንስተውላት ወደ በረት ሄዱ። ሽለምጥማጡ መጣ። ዛሬ ያናገረው ቄቦቹን አይደለም።

«ዛጎልማ፣ እኔና አንቺ እንተዋወቃለን» አላት ቀስ ብሎ። «ያኔ ስገባ ነቅተሽ ነበር። ዓይንሽን አይቼዋለሁ። ዝም አልሽ፣ ተረፍሽ። ነገም ዝም በይ፣ ነገም ትተርፊያለሽ። እነዚህ ደግሞ ሲሰድቡሽ ሰምቻለሁ። ምንሽ ናቸው?»

እውነቱን ነው የነገራት፤ ያመማትም እሱ ነው።

«ለማንኛውም ሴት ዶሮ ከጮኸች ቢላዋ ይሳላል» አላትና በሩን ገፋ አድርጎ ሄደ።

«ሚስማሬ ሁለት ጣት ወጣ» አለ መቀርቀሪያው። «ሦስተኛውን አልችልም።»

ሦስተኛው ቀን ነጋ። ዛጎልማ ወርዳ ከቄቦቹ ፊት ቆመች። ወደ እግራቸው አልሄደችም።

«ገፊ አይደለሁም» አለች። «ከገፊ ግን የባሰ ነገር ሠርቻለሁ። ሽለምጥማጡ ሲገባ ሰምቼ ዝም አልኩ። ቢላዋ ፈርቼ ነው። ዛሬ ሚስማሩ ይወድቃል፤ እሱም ይገባል። ሲባጎውን ልቁረጥላችሁ ያልኩት ቆጥ ላይ እንድትወጡ ነበር።»

«ጥሩ ተረት ነው» አለች ቀዮ። «አላመንኩም በያት፣ ወሰራ።»

«አላመንኩም» አለች ወሰራ።

መላጣዋ ግን ባዶ አንገቷን ወደ ሚስማሩ ቀለሰች። ረጅም ጊዜ አየችው። «ታዲያ ዛሬ ምን ልታደርጊ ነው፣ እታለም?» ስትል ጠየቀች።

«እጮሃለሁ።»

«ከምትጮሂ ብታስካኪስ? ለማስካካት የሚታረድ የለም።»

«ሳስካካ ማን መጥቶ ያውቃል? ‹ዕንቁላል ጣለች› ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ስትንጫጩም የመጡት እሜቴ ብቻ ናቸው፣ ያውም መጥረጊያ ይዘው። ስጮህ ግን ያገር ሰው ቢላዋ ይዞ ይመጣል።»

«አንቺን ለማረድ ነዋ የሚመጣው።»

«ይምጣ» አለች ዛጎልማ። «ብቻ ይምጣ።»

መሸ። ወይዘሮ ወርቅያንሱ የማለቢያ ዕቃቸውን ይዘው ወደ በረት ሄዱ። ሽለምጥማጡ መጣ። ለቅሶም አላለ፣ ምክርም አልመከረ። በሩን በትከሻው ገፋ፤ ሚስማሩ ወጥቶ ደፉ ላይ ወደቀ፤ መቀርቀሪያው ተከትሎት ወደቀ። በሩ ተከፈተ። ቀዮ ብድግ አለች፣ ሲባጎው መለሳት። ወሰራ ብድግ አለች፣ ሲባጎው መለሳት። መላጣዋ ዓይኗን ጨፈነች።

ዛጎልማ ቆጡ ላይ ቆመች። አንገቷን አቀናች፤ ጮኸች። የመጀመሪያው ጩኸት ጎርናና ነበር፤ ጉሮሮዋ ለምዶት አያውቅም።

ሽለምጥማጡ ሳቀ። «አበድሽ እንዴ? ቢሰሙሽ እኮ ቢላዋ የሚይዙት ለኔ አይደለም፤ ላንቺ ነው።»

«ቢላዋ ይዘው ይምጡ» አለችው። ሁለተኛ ጮኸች። ይሄኛው አጥሩን ተሻገረ። ሦስተኛ ጮኸች። ይሄኛው ከኮረብታው ላይ ተመልሶ መጣ።

«ኧረ ሴት ዶሮ ጮኸች» አለ አንዱ ከወዲያ። «ከወርቅያንሱ ቤት ነው» አለ ሌላው። ወይዘሮ ወርቅያንሱ ወተቱን ደፍተው፣ ቢላዋ ይዘው ሮጡ። ወይዘሮ አልጣሽ በአጥሩ ሽንቁር ገቡ። የጎረቤት ውሻም ተከተለ። ሽለምጥማጡ የቀዮን ላባ ከመንጨቱ ውሻው ደረሰ። ከዚያ በኋላ የታየው ጭራው ብቻ ነበር፤ እሱም ወደ ኮረብታው።

ሰዉ በሩ ላይ ተኮለኮለ። ዛጎልማ ከቆጥ ወረደች። አልሸሸችም። መጥታ ከወይዘሮ ወርቅያንሱ እግር ሥር ቆመች።

«አንገቴ ይኸውላችሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን በሩን እዩ።»

ወይዘሮ አልጣሽ ጎንበስ ብለው ሚስማሩን አነሱ። አገላብጠው አዩት። «ይህ ዛሬ የላላ ሚስማር አይደለም» አሉ። «ቀዳዳው እኮ ጣት ያስገባል። ወርቅያንሱ፣ ይህ ከያኔው የነበረ ነው?»

ወይዘሮ ወርቅያንሱ ዓይናቸውን ከሚስማሩ መለሱ።

«የሆነው ሆኖ ጮኻለች፤ ልማዱ ልማድ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

በወይዘሮ ወርቅያንሱ እጅ ያለው ቢላዋም ጠየቃቸው። «እሜቴ፣ ምኑን ልቁረጥ?»

ሴትየዋ ዶሮዋን አዩ። ዶሮዋም አየቻቸው። ሁለቱም ዝም ያሉ ጊዜ ምን እንደ ሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አንዷ ግን ዛሬ ተናግራለች።

ወይዘሮ ወርቅያንሱ ጎንበስ አሉ። የቀዮን ሲባጎ ቆረጡ። የወሰራን ሲባጎ ቆረጡ። የመላጣዋን ሲባጎ ቆረጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ቀልቷል።

«ከያኔው የነበረ ነው» አሉ። «አውቅ ነበር። ሚስማሩ ልል እንደ ነበረ እያወቅሁ ነው በሷ ያላከክሁት። ገፊም አይደለች፣ ምንም አይደለች። የሚነካት ካለ በኔ ይምጣ።»

ከኋላ የተናገረው ሰው ወደ መሬት አየ። ወይዘሮ አልጣሽ ግን ሚስማሩን በመዳፋቸው እየመዘኑ፣ «ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል ጊዜ የፈጀብሽ?» አሉ። «በይ ቆይ፤ መዶሻ ከኔ ቤት አመጣለሁ።»

ሚስማሩ ያንኑ ምሽት ሰው ሁሉ እያየ ተመታ።

ቄቦቹ ተፈትተዋል፤ የሚይዛቸው የለም። ሦስቱም ወደ ቆጡ ወጡ። ቀዮ ከወዲያ ጫፍ ሰፈረች፤ ለጊዜው ይቅርታ የሚባለው ቃል አልወጣላትም። ወሰራ መካከል ላይ ሰፈረች። መላጣዋ መጥታ ባዶ አንገቷን ከዛጎልማ ክንፍ ሥር ሰደደች።

«ፍቅር እንዳይመስልሽ» አለቻት። «አንገቴን በርዶኝ ነው።»

«ገባኝ» አለች ዛጎልማ፣ ክንፏን ዘርጋ አድርጋ።

ከዚያ ወዲያ ዛጎልማ መቀርቀሪያው ሲወረወር ሳትሰማ አትተኛም። ወይዘሮ ወርቅያንሱ ከዘገዩ አንገቷን አቅንታ ትጮሃለች፤ እሳቸውም «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ይሮጣሉ። በሌላው አገር ዛሬም ሴት ዶሮ ከጮኸች ቢላዋ ይሳላል ይባላል። በዚያ ግቢ ግን ሴት ዶሮ ከጮኸች በር ይታያል።

ጥፋቱን የሸሸገ በሩን አይጠግንም። ተረቴን ለእናንተ ትቻለሁ፤ እኔ መቀርቀሪያዬን ላይ።