ሙሽሮችን ሲሸኝ የኖረው ባለመኪና

አንድ ባለመኪና ሰው ነበረ። ጥያቄሽን የሸሸሁ እንዳይመስልሽ፤ «አባ፣ የአባቴ ዓይን ደክሟል፣ መንዳቱን ግን አልተወም፤ ዝም ልበለው ወይስ ቁልፉን ልደብቅበት?» ነው ያልሽኝ። ሰምቼሻለሁ። መልሱ ከዚህ ሰው ዘንድ ስላለ ነው ወደ እሱ የምወስድሽ። ቁጭ በይ፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ይህ ሰው የሚኖረው በአንዲት የደጋ ከተማ ነበር። ከተማዋ ተራራ አናት ላይ ናት፤ ከእሷ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ አሥራ አራት ቦታ ይጠመዘዛል፤ ቀኝ ቀኙ ገደል ነው። ሰውዬው ሰማያዊ የቤት መኪናውን ሲገዛ በከተማዋ ሌላ የቤት መኪና አልነበረም። ስለዚህ ልጁን የዳረ ሁሉ ሙሽራይቱን በእሱ መኪና መሸኘት ጀመረ። እሱም አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎ አያውቅም። መኪናውን አጥቦ፣ አበባና ሪባን አስሮ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ከተፍ ይላል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረ። እናቲቱን የሸኘ ሰው ልጅቷን ሸኘ። በኋላ በከተማዋ መኪና በዛ፤ ሙሽራን በሌላ ሰው መኪና መስደድ ግን ሰውዬውን እንደ መድፈር ይቆጠር ነበር። ስሙን የሚያስታውስ እንኳ ጥቂት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ባለመኪናው» እያለ ነበር።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን አጥር ገጨ፤ «አጥሩ ድሮም ወደ መንገድ ወጥቶ ነው የታጠረው» ተባለ። ቀጥሎ የጎረቤቱን በግ ገጭቶ ገደለ። የበጉ ባለቤት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ! ድሮም ዓይነ ደረቅ በግ ነበር፤ ራሱ ነው የገባብዎት» ብሎ እሱ ይቅርታ ጠየቀ።

ከተማው በሙሉ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ የሚናገር ግን ጠፋ። ሰው ሁሉ አብሮት ላለመሳፈር ሰበብ ይፈልጋል። «ግባ፣ ላድርስህ» ሲለው አንዱ «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው ጋሼ» ይለዋል። አንዷ «ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል» ትላለች። የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ሊገባበት ያላሰበው ሰው ቤት ገብቶ እስኪያልፍ የሚቆይም ነበር። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ስለሚወዱት ይሉኝታ ይዟቸው ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ደግሞ የማያውቁት ሹፌሮች ከኋላው ሲደርሱ ጥሩምባቸውን ያምባርቁበታል፤ ሲያልፉት በመስኮት ብቅ ብለው «አንተ ሽማግሌ፣ ቤትህ አትተኛም!» ይሉታል። የሚወዱት ዝም አሉት፤ የማያውቁት ሰደቡት።

ሰውዬውስ ብትዪኝ፣ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር። ጠዋት መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፉን ሲያዞር «ምነው ባትሪው በሞተልኝ» እያለ ይመኛል። ሰዎች ቀስ ብሎ መንዳቱን ጨዋነት ያደርጉለታል፤ እሱን ግን ፍርሃት ነበር የያዘው። እንዳይተወው ደግሞ «ሰው በእኔ ተማምኖ ልጁን ሲሰጠኝ እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ? ቅር ይላቸዋል» ይላል። እነሱ እሱን እንዳያስቀይሙ ይፈራሉ፤ እሱም እነሱን እንዳያስቀይም ይፈራል። እንዲህ ሲተዛዘኑ ተያይዘው ገደል ሊገቡ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ጨዋነት ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ አንድ ሰው ልጁን ለቆላ ሰው ዳረ። የሠርጉ ቀን ሲቃረብ ባልና ሚስቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሲመካከሩ ሰነበቱ።

«በሌላ መኪና ብንሰዳትስ?» አለች ሚስቱ።

«እኔና አንቺንስ ያጋባን የማን መኪና ነው? ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አላት።

እናም የሠርጉ ቀን አንድያ ልጁን ዓይኑ ለማያይ ሰው አስረከበ። አስቢው እስቲ። ሰው ከማስቀየም ልጅ ማጣት የቀለለው አባት ነበር ማለት ነው።

ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ፤ አንደኛው ሚዜ ከፊት። የሙሽራይቱ አባትና አጃቢው በሁለት ሚኒባስ ሆነው ተከተሉ። የሙሽራን መኪና ቀድሞ ማለፍ ነውር ስለሆነ ሁሉም በሰውዬው ዝግታ ልክ እያዘገሙ፣ ጥሩምባ እየነፉ፣ እየዘፈኑ ቁልቁለቱን ጀመሩት። ሰማያዊዋ መኪና ውስጥ ግን የሚዘፍን አልነበረም። ሚዜው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጦ ውዳሴ ማርያሙን በልቡ ይደግም ነበር።

ከአጀቡ ኋላ አንድ ፒካፕ ደረሰ። በጄሪካን ወተት ጭኖ ወደ ቆላው ገበያ የሚወርድ ሰው ነው። ፀሐይዋ ከርራለች፤ ወተት ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይበላሻል። ሹፌሩ «አሳልፉኝ» ለማለት ጥሩምባውን ነፋ። አጃቢዎቹ ደስ ያለው መስሏቸው እነሱም ነፉለት። ደግሞ ነፋ። ሴቶቹ በመስኮት ብቅ ብለው እልል አሉለት። በንዴት በገነ። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ጠመዝማዛው ላይ ሁለቱንም ሚኒባሶች ደርቦ አለፈ፤ የሙሽራይቱንም መኪና አለፋት። ጠመዝማዛ ላይ ደርቦ ማለፍ ሰው መግደል ነው፤ እሱንም አላመሰግነውም።

ሰውዬው በጎኑ ሽው ያለውን ነገር ምን እንደሆነ አልለየውም፤ ጥላ ብቻ ነው ያየው። ደንግጦ መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። መኪናዋ ከአስፋልቱ ወጣች፤ የፊት ጎማዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ከነበረ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። ጥሩምባው፣ ዘፈኑ፣ እልልታው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

የወተቱ ሹፌር በስፖኪዮው አይቶ ፍሬኑን ረገጠ። ወርዶ እየሮጠ መጣ። ለመርዳት እንዳይመስልሽ፤ የራሱ ጥፋት ስላስደነገጠው ቶሎ ሌላ ሰው ላይ ሊያላክከው ነው። ስድቡን አፉ ላይ አዘጋጅቶ የሹፌሩ መስኮት ጋ ደረሰ። ሙሽራይቱ በቬሏ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ሚዜው ፊቱ አመድ መስሎ «መንገዱ እኮ ጠቦ ነው» ይላል፤ እዚያ ገደል አፋፍ ላይም ይሉኝታው አልለቀቀውም! ሰውዬው ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ ደርቋል። ሲሰደብ የከረመ ሰው ስድብ ሲመጣ በእርምጃው ያውቀዋል። አንገቱን ደፍቶ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ፣ «ይቅርታ ጌታዬ» አለው።

የአባቱ እኩያ «ጌታዬ» ሲለው የወተቱ ሹፌር አፈረ። ስድቡን ዋጠው። መስኮቱ ላይ ጎንበስ አለና የኋለኞቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አባቴ፣ ደከመዎት?» አለው።

ሰውዬው ወደ ድምፁ ዞረ። «ደክሞኛል ልጄ» አለ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። መንገዱን ተወው፣ የራሴን መኪና አፍንጫ አላየውም።»

«ታዲያ እንዴት አልተናገሩም?»

«የጠየቀኝ የለማ» አለ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። የወተቱ ሹፌር ሙሽሮቹን በግራ በኩል ቀስ አድርጎ አወረዳቸው፤ ሰውዬውንም ደግፎ አወጣው። አጃቢዎቹ ተረባርበው መኪናዋን ወደ አስፋልቱ መለሷት። የሙሽራይቱ አባት ልጁን አቅፎ ቆሞ ነበር። የወተቱ ሹፌር ያን ጊዜ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ በዕድሜዬ ሙሽራ ነድቼ አላውቅም። ዛሬ ይፍቀዱልኝና እኔ ልያዝ፤ መንገዱን እርስዎ ይምሩኝ» አለ። ሰውዬው ቁልፉን በገዛ እጁ ሰጠው። ከዚያ ዞሮ ሚዜውን «አንተ ወደ ኋላ ሂድ፤ ይህ የእኔ ቦታ ነው» አለና ክራቫቱን አስተካክሎ ከፊት ተቀመጠ። ወተቱ የት ደረሰ እንዳትዪኝ፤ ፒካፑ መንገዱ ሰፋ ካለበት ጥግ ቆሞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ዋለ። ወተቱም ረጋ። ሠርግ ቤት ደግሞ እርጎ ጠልቶ አያውቅም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሰውዬው «አሁን ወደ ግራ ይጠመዘዛል፣ በሁለተኛ ማርሽ ያዘው» እያለ ይመራ ነበር። መንገዱን በዓይኑ ባያየውም በልቡ ያውቀዋል። ከኋላቸው ዘፈኑ እንደገና ተነሣ። ሰውዬው ጆሮውን ሰጥቶ ካዳመጠ በኋላ «ለካ እንዲህ ነው የሚሉት!» አለ። ሠላሳ ዓመት ከኋላው ሲዘፈን ሐሳቡ ሁሉ መንገዱ ላይ ስለነበር ግጥሙን ሰምቶት አያውቅም። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ። መሪ ይዞ የሚያጨበጭብ የለምና በዚያ ሁሉ ሠርግ አንድ ቀን እንኳ አጨብጭቦ አያውቅም ነበር። ሙሽራይቱ ከልቅሶዋ ወደ ሣቅ ዞረች። ሚዜው ወንበሩን ለቀቀ። አባቷ ከኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ከዚያ ወዲህም የከተማዋ ሙሽሮች በሰማያዊዋ መኪና መሸኘታቸውን አልተዉም። የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ ሰውዬው ከፊት ይቀመጣል፣ ያጨበጭባል።

እንግዲህ ልጄ፣ ዝም ብትዪው የከተማውን ሰው መሆንሽ ነው፤ እየወደድሽው በሰበብ ትሸሺዋለሽ። ቁልፉን ብትደብቂበት ደግሞ ጥሩምባ የሚነፉበትን መሆንሽ ነው፤ ሐሳብሽ ደግ ቢሆንም ለእሱ የሚሰማው «ሽማግሌ፣ ቤትህ ተኛ» የሚለው ነው። የወተቱ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ ጠየቀ። አንቺም እንደዚያ ጠይቂው። «እምቢ ቢለኝስ?» ብትዪ አልዋሽሽም፤ የመጀመሪያ ቀን ሊቆጣ ይችላል። ነገ ደግመሽ ትጠይቂዋለሽ። እስከዚያ አንቺ ንጂ፣ እሱ አጠገብሽ ተቀምጦ መንገድ ይምራሽ። እኔም መጥቼ አጫውተዋለሁ። ቅዳሴ ላይ መስመር ስዘል ዲያቆኑ አክብሮኝ ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከአባትሽ ጋር የምናወራው አናጣም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቅድም እዚህ በራችን ላይ አንድ አዛውንት መኪናውን ማዞር አቅቶት ሲቸገር፣ ከኋላው ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ተነፋበት። የነፋሽው አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ስትገቢ ነው። የማን አባት እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅ ካለችው ግን ይህን ጊዜ እንዳንቺ ጨንቋት ይሆናል። አባትሽን ከኋላው የሚያገኘው ሹፌር እንዲታገሠው የምትፈልጊ ከሆነ አንቺም የሰውን አባት ታገሺ።

አሁን ተነሺ። ከመጣሽ ጀምሮ እጅሽ ከቦርሳሽ አልወጣም። «ልደብቅበት?» አልሽኝ እንጂ ደብቀሽው ነው የመጣሽው። አታፍሪ፤ የፈራሽው ስለምትወጂው ነው። ሄደሽ ቁልፉን ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ ከዚያ ጠይቂው። ቶሎ በይ ደግሞ። አባትሽ ይሄኔ ራሱ የጣለው መስሎት አልጋውን እየገለበጠ፣ «ጭራሽ መርሳትም ጀመርኩ?» እያለ ብቻውን ይጨነቃል። ሄደሽ ገላግይው።