አጋዘንና የይቅርታ ድንጋይ

ጠጋ ጠጋ በሉማ። ስሙን ማንም በማያስታውሰው ደጋ አገር፣ ተራራው ሁሉ አስታ የሚሉትን ቁጥቋጦ ለብሶ በነበረበት ዘመን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ አጋዘን ነበር አሉ። ጫካ ሲገባ ነብር ያሳድደዋል፣ ሜዳ ሲወጣ ገበሬ ያባርረዋል። ጆሮው አያርፍ፣ እግሩ አያርፍ፣ የጎረሰውን ቅጠል እንኳ አላምጦ አይጨርስም።

አንድ ማለዳ ከነብሩ ለጥቂት አመለጠ። መሸሸጊያ ሲፈልግ የአያ ቢተው ቤት ታየው። ነብር ውሻና ጭስ አይወድም፤ የአያ ቢተው ግቢ ደግሞ ሁለቱም አሉት። ጉዱ ግን አጋዘኑ የሰውየውን ገብስ ግጦበታል። "ብገባ ይገድለኛል፣ ብቀር ይበላኛል" ብሎ ሲጨነቅ የአገሩ ወግ ትዝ አለው። በዚያ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ከመጣ፣ ይቅር ሳይሉ መመለስ ነውር ነው። የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ በቀንዶቹ መሃል ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"አያ ቢተው፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ለእግዜር። አውርደው" አለ አያ ቢተው፤ ከአጥሩ ሥርም አስጠጋው።

ሦስት ቀን ደህና ሰነበተ። በአራተኛው የገብሱ ሽታ አላስቀምጥ አለው፤ ሄዶ ጋጠ። እንቁላል የምታህል ድንጋይ ይዞ መጣ።

"አያ ቢተው፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ለእግዜር። አውርደው።"

ሳምንት ሳይሞላ ደገመ። አሁንስ ጠጠር ግንባሩ ላይ አስቀምጦ፣ ገብሱን እያላመጠ ነው የመጣው። የአያ ቢተው ሚስት አመልማል አላስቻላትም።

"አንተ ሰውዬ፣ ድንጋዩ እያነሰ መሄዱ አይታይህም?"

"ምን ላድርግ፣ ወግ ነው፤ ድንጋይ አይመዘንም" አለና "ይቅር ለእግዜር። አውርደው" አለው። አጋዘኑም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮውን ጥሎ ተኛ።

ለካ ነብሩ ይህን ሁሉ ከአስታው ውስጥ ሆኖ ያይ ኖሯል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቋጥኝ በጫንቃው ተሸክሞ፣ እያለከለከ ከበሩ ደረሰ።

"አያ ቢተው፣ ሁለት ፍየሎችዎን በልቻለሁ። በድዬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

አያ ቢተው ቋጥኙንና የአጋዘኑን ጠጠር ተራ በተራ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይቅር ለእግዜር። አውርደው" አለ፤ ውሾቹንም አሰረ።

አጋዘኑ ብድግ አለ። "ኧረ አያ ቢተው፣ እኔ እኮ የመጣሁት ከሱ ሸሽቼ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ አያ ቢተው። "ያንተን ጠጠር ተቀብዬ የሱን ቋጥኝ በምን አፌ ልመልስ?"

ነብሩ ከአጥሩ ሥር፣ ከአጋዘኑ መኝታ ጎን ጋደም አለና "እንዴት ሰነበትክ ጎረቤት?" አለው።

አጋዘኑ አጥሩን ዘሎ በረረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከጫካውም ከማሳውም ሳይሆን ድንበሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ሲያዞር ይውላል። አያችሁ ልጆቼ፣ ይቅርታን ያረከሰ፣ መጠለያውን አፈረሰ።